የውጤት ወረቀቱ ምን አለ? ልጅ መውለድን በተመለከተ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች በእጃቸው የምርመራ ውጤት ይዘዋል፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር በየትኛው ቀን፣ ከምን ዓይነት ናሙና እንደመጣ የጠየቃቸው ግን የለም።

ጥያቄ፦ ከተጋባን ሦስት ዓመታችን ነው፤ ባለቤቴ አላረገዘችም። የእኔ የዘር ፈሳሽ ተመርምሮ መጠኑ 3 ሚሊ ሊትር፣ ስፐርሙ በሚሊ ሊትር 14 ሚሊዮን፣ እንቅስቃሴው 35 በመቶ ሆነና «ደካማ ነው» ተባልኩ። ናሙናውን ቤት ነው የሰጠሁት፤ ጠዋት በታክሲ ስወስደው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል። እንዲጠራቀም ብዬም ሁለት ሳምንት ቆይቼ ነበር። መካን ነኝ ማለት ነው? (ከአቃቂ)

መልስ፦ በዚህ ወረቀት ብቻ መካን ነህ የሚል ሰው ቸኩሏል። መጀመሪያ ስሌቱን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ስድስተኛ እትም መመሪያ የታችኛው ልክ እንዲህ ነው፦ የፈሳሹ መጠን 1.4 ሚሊ ሊትር፣ ስፐርሙ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው ናሙና 39 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀሰው 42 በመቶ፣ ወደፊት የሚዋኘው 30 በመቶ፣ ቅርጹ የተስተካከለው 4 በመቶ። የእርስዎ 14 ሚሊዮን ከ16 ያንሳል። በ3 ሚሊ ሊትር ሲያባዙት ግን 42 ሚሊዮን ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከ39 ይበልጣል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር አይቶ ይደነግጣል እንጂ ማባዛቱ ላይ አይደርስም።

እነዚህ ልኮች የተገኙት ተመራማሪዎች ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ያረገዙላቸውን ወንዶች ፈሳሽ መርምረው ነው። ውጤቱን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ደረደሩና ከመቶው አምስቱ የወደቁበትን ቦታ «የታችኛው ልክ» አሉት። ልብ ይበሉ፦ ከመስመሩ በታች ያሉት አምስቱም አባቶች ናቸው።

ወደ 35 በመቶው እንምጣ። ናሙናው ከሰውነት ከወጣ በኋላ በ30 ደቂቃ፣ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። በመንገድ ላይም ከ20 እስከ 37 ዲግሪ ባለው ሙቀት መቆየት ይኖርበታል። በጠዋት ብርድ አንድ ሰዓት ተኩል በፌስታል የተጓዘ ናሙና እንቅስቃሴው መቀነሱ አይገርምም። መዘግየት ቆጠራውን አይቀንስም፤ እንቅስቃሴውን ግን ይገድላል።

ሁለት ሳምንት መቆየትዎም ሌላ ስህተት ነው። የሚፈለገው ከ2 እስከ 7 ቀን መታቀብ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ፈሳሹም ቁጥሩም ይጨምራል፤ የተጠራቀመው ግን አሮጌና ደካማ ስፐርም ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ለእርስዎ በሁለት በኩል ይቆርጣል፦ እንቅስቃሴው ከእውነተኛው ያነሰ ሊመስል፣ 42 ሚሊዮኑ ደግሞ ከእውነተኛው የበዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ይደገም።

ሲደግሙ ከ3 እስከ 4 ቀን ይታቀቡ። ቢቻል ናሙናውን እዚያው ላብራቶሪው ባዘጋጀው ክፍል ይስጡ፤ ካልሆነ የተዘጋውን ዕቃ ከብብት ሥር፣ ከሰውነትዎ አጠገብ አድርገው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያድርሱ። ተራ ኮንዶም አይጠቀሙ፣ ቅባትም ሆነ ምራቅ አይንካው፤ ስፐርሙን ይጎዱታል። የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ አብዛኛው ስፐርም ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ የቀረው ቢቆጠር ሐሰተኛ ውጤት ይወጣል። ባለፉት ሦስት ወራት ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ይዞዎት ከነበረም ለሐኪሙ ይንገሩት። አንድ ስፐርም ተሠርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚወስድ የዛሬው ናሙና የሚናገረው የዛሬ ሦስት ወር ገደማ ስለነበረው ጤናዎ ነው። በሁለተኛው ምርመራም ዝቅ ካለ ሐኪሙ በእጁ ሊመረምርዎት ይገባል። በፍሬው ዙሪያ ያበጠ የደም ሥር፣ ማለትም ቬሪኮሲል፣ በዓይንና በእጅ የሚገኝ እንጂ በወረቀት የሚነበብ አይደለም።

ጥያቄ፦ የወር አበባዬ በየ35 ቀኑ ነው የሚመጣው። በ21ኛው ቀን በተሠራልኝ የደም ምርመራ ፕሮጄስትሮን 0.9 ሆነ። «እንቁላል አይወጣልሽም» ተብሎ ክሎሚፊን የሚባል እንቁላል የሚያስወጣ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ልጀምር? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከመጀመርዎ በፊት ምርመራው በትክክለኛው ቀን እንዲደገም ሐኪምዎን ይጠይቁ። «የ21ኛው ቀን ምርመራ» የሚለው ስም ብዙ ሴት አሳስቷል። ቀኑ 21 የሆነው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ እስከሚቀጥለው የወር አበባ ያለው ጊዜ ከሴት ሴት ብዙም አይለያይም፤ ወደ 14 ቀን ነው። የሚረዝመውና የሚያጥረው ከእንቁላሉ በፊት ያለው ጊዜ ነው። የእርስዎን 35 ብንወስድ 14 ሲቀነስ 21 ይቀራል። እንቁላልዎ በሚወጣበት ቀን ገደማ ነው ደም የሰጡት ማለት ነው። ፕሮጄስትሮን የሚሠራው ደግሞ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ በሚቀረው ከረጢት ነው፤ ገና ሊሠራ ያልጀመረውን ሆርሞን «የለም» አሉት።

ትክክለኛው ቀን የወር አበባ ከሚጠበቅበት 7 ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ለእርስዎ 28ኛው ቀን። ቀን 1 የሚባለው ደሙ በደንብ የፈሰሰበት የመጀመሪያ ቀን እንጂ ጠብታ የታየበት አይደለም። ውጤቱ በናኖግራም በሚሊ ሊትር ከ3 በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል። መለኪያውንም ያንብቡ፤ አንዳንድ ላብራቶሪ በናኖሞል በሊትር ይጽፋል፤ እዚያ 3ቱ ወደ 9.5 ይሆናል። ሁለቱን በማምታታት ብቻ መድኃኒት የሚጀምር አለ። ዑደትዎ አንዴ 30 አንዴ 45 ቀን ከሆነ ደግሞ ከ23ኛው ቀን ጀምሮ የወር አበባ እስኪመጣ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ መለካት ነው።

በትክክለኛው ቀንም ዝቅ ካለ መድኃኒት ያስፈልግ ይሆናል። የችግሩ ምክንያት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ (እንቁላል በወቅቱ እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት) ከሆነ ግን ከክሎሚፊን ይልቅ ስለ ሌትሮዞል ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ 750 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት በሌትሮዞል የወለዱት 27.5 በመቶ፣ በክሎሚፊን የወለዱት 19.1 በመቶ ነበሩ። ሁለቱም ያለ አልትራሳውንድ ክትትል ከፋርማሲ ተገዝተው የሚዋጡ አይደሉም፤ መንታ ያመጣሉና።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሪያድ ነው የሚሠራው፤ በዓመት አንድ ወር ብቻ ይመጣል። ከተጋባን አራት ዓመት አለፈን። አማቴ «ታከሚ» እያሉ ያስጨንቁኛል። ዑደቴ 28 ቀን ነው፤ ዕድሜዬ 27። (ከደሴ)

መልስ፦ በእርስዎ ዕድሜ መካንነት የሚባለው ባልና ሚስት ሳይለያዩ፣ ያለ መከላከያ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እየተገናኙ 12 ወር ሳይረገዝ ሲቀር ነው። ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት 6 ወር ይበቃል። እናንተ አራት ዓመት በትዳር ቆያችሁ እንጂ አራት ዓመት አልሞከራችሁም። ጤነኛ ወጣት ጥንዶች እንኳ በአንድ ዑደት ውስጥ የማርገዝ ዕድላቸው ከአምስት አንድ ወይም ከአራት አንድ ያህል ነው። የእናንተ ሙከራ ሲቆጠር ቢበዛ ሰባት ስምንት፣ ቢያንስ አራት ነው።

ፍሬያማ ቀናት ስድስት ብቻ ናቸው፦ እንቁላሉ የሚወጣበት ቀንና ከእርሱ በፊት ያሉት አምስት። ይህን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ፣ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የ221 ሴቶችን ሽንት በየቀኑ እየመረመረ የተሠራ ጥናት ነው። ከስድስቱ ቀናት ውጭ በተደረገ ግንኙነት የተገኘ እርግዝና አልነበረም። ዕድሉ በመጀመሪያው ቀን 10 በመቶ ገደማ ሆኖ ይጀምርና እንቁላሉ በሚወጣበት ቀን 33 በመቶ ይደርሳል። እንቁላሉ ከወጣ በማግስቱ በሩ ተዘግቷል።

ስለዚህ የባለቤትዎ ፈቃድ ሲሞላ ቀኑን እርስዎ ይምረጡት። በ28 ቀን ዑደት እንቁላል በ14ኛው ቀን ገደማ ስለሚወጣ ፍሬያማዎቹ ከ9ኛ እስከ 14ኛ ቀን ናቸው። የወር አበባዎ በመጣ ዕለት ቢደርስ በአንድ ወር ውስጥ አንድ መስኮት ብቻ ታገኛላችሁ። በ12ኛው ቀን ቢደርስ ግን 12፣ 13 እና 14ን ያገኛል፤ ሠላሳኛው የፈቃድ ቀኑ በሚቀጥለው ዑደት 13ኛ ቀን ላይ ስለሚውል ከ9 እስከ 13 ያሉትንም ይጨምራል። ያው አንድ ወር ሁለት ሙከራ ሆነ። በረራ ስለሚዘገይ ትኬቱ ለ11ኛው ቀን ቢቆረጥ ይሻላል። በሽንት የሚታይ የእንቁላል መውጫ ስትሪፕ ፋርማሲ ካገኙ ከ10ኛው ቀን ጀምረው ይመልከቱ፤ ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው እኩል ሲደምቅ እንቁላሉ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይወጣል ማለት ነው፤ ያን ዕለትና በማግስቱ ተገናኙ።

እሱም በዚያው ፈቃድ ይመርመር፤ ግን በደረሰ በማግስቱ አይደለም። ወራት የቆየ ናሙና ምን እንደሚመስል ለአቃቂው ጠያቂ ነግረናል። በሁለቱ መስኮቶች መካከል ባሉት ሳምንታት፣ ሦስት ቀን ታቅቦ ይስጥ። ሥራው ዳቦ ጋጋሪነት ወይም ሌላ ከእሳት ፊት የሚያቆም ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር፤ ስፐርም የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት በ2 እስከ 4 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ቦታ ነው። ለአማትዎ ከዚህ ሁሉ የትኛውን እንደሚነግሯቸው እርስዎ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ የማህፀን ቱቦዬ በራጅ ታይቶ «ሁለቱም ከማህፀኑ መገናኛ ላይ ተዘግተዋል» ተባለ። ሲሠራ በጣም አሞኝ ነበር። ያለኝ ተስፋ አይቪኤፍ (እንቁላልን ከሰውነት ውጭ ከስፐርም ጋር ማዳበር) ብቻ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የተዘጋበት ቦታ ወሳኝ ነው። ከማህፀኑ መገናኛ ላይ ያለው የቱቦ ክፍል በጡንቻ የተከበበ ስለሆነ ሕመምና ድንጋጤ ሲያገኘው ይኮማተራል፤ ለራጁ የሚገፋው ቀለም አያልፍም፣ ራጁም «ዝግ» ይላል። በተለይ በጣም ካመመዎት ይህን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሲደገም ከምርመራው አንድ ሰዓት በፊት ማስታገሻ ይወሰድ፣ ቀለሙም በቀስታ ይገፋ። ምርመራው የወር አበባ ካቆመ በኋላ፣ ከእንቁላል መውጫ በፊት፣ ከ6ኛ እስከ 11ኛ ቀን ባለው ጊዜ ይሠራል። በድጋሚም ከተዘጋ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በሆድ ላይ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ በማየት፣ ማረጋገጥ ይቻላል።

በጫፉ በኩል ተዘግቶ ውኃ የቋጠረ ቱቦ ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ኢንፌክሽን ነው፦ ክላሚዲያ፣ ጨብጥ፣ ንጽሕናው ካልተጠበቀ ውርጃ በኋላ የመጣ ቁስለት፣ በእኛ አገር ደግሞ የማህፀን ቲቢ መዘንጋት የለበትም። ይህ ፈሳሽ ወደ ማህፀን እየተመለሰ ሽሉ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ ቱቦው ከአይቪኤፍ በፊት ይወጣል ወይም ይታሰራል።

ለራጁ የሚገባው ቀለም ዘይትነት ያለው ቢሆን ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 1,119 ሴቶች ተሳትፈው በዘይቱ ከታዩት 39.7 በመቶ፣ ውኃነት ባለው ቀለም ከታዩት 29.1 በመቶ በስድስት ወር ውስጥ አርግዘዋል። ጥናቱ የቱቦ በሽታ ይኖራቸዋል ተብለው ያልተጠረጠሩ ሴቶችን የያዘ ስለሆነ ለእርስዎ በቀጥታ አይሠራም፤ የእንቅርት ችግር ካለብዎትም ዘይቱ አዮዲን ስላለው አስቀድመው ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 39 ነው። እዚህ ሜሪላንድ አይቪኤፍ ከበጀታችን በላይ ስለሆነ አዲስ አበባ መጥቼ ለመሥራት አስቤያለሁ። አንድ ክሊኒክ «ስኬታችን 50 በመቶ» ይላል፣ ሌላው 25። የትኛውን ልመን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ሁለቱም ያው ክሊኒክ ሊሆኑ ይችላሉ። እንበልና 100 ሴቶች እንቁላል የሚያበዛውን የሆርሞን መርፌ ጀመሩ። 90ዎቹ እንቁላል ወጣላቸው፤ 70ዎቹ ጋር ሽል ደርሶ ወደ ማህፀን ገባ፤ 35ቱ የደም ምርመራቸው «እርጉዝ» አለ፤ 28ቱ ላይ የልብ ምት ታየ፤ 22ቱ ልጅ ታቀፉ። ከ70ው 35ቱን የሚቆጥር 50 በመቶ ይላል፣ ከ100ው 22ቱን የሚቆጥር ደግሞ 22። ሁለቱም አልዋሹም። ልጅ የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው ግን አንድ ነው፦ በእኔ ዕድሜ፣ በራሳቸው እንቁላል ሕክምና ከጀመሩት ውስጥ ስንቶቹ በሕይወት ያለ ልጅ ወሰዱ? ክሊኒኩ በዕድሜ ከፍሎ ካልነገረዎት፣ የ28 ዓመት ሴቶች ስኬት ለእርስዎ እየተሸጠልዎት ነው። በአሜሪካ በ1992 የወጣ ሕግ ክሊኒኮች ውጤታቸውን ለአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) እንዲያስታውቁ ስለሚያዝ ያሉበት አካባቢ ክሊኒኮች በየዕድሜው የታተመ ቁጥር አላቸው፤ ለማነጻጸሪያ ይጠቅምዎታል። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት በኩል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር ያለው የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ፤ የግልም አሉ። ሁሉንም በዚያው ጥያቄ ይፈትኗቸው።

ቁጥሩ በየደረጃው ለምን እንደሚያንስ ይወቁት፤ ያኔ በመካከል አይደነግጡም። 10 እንቁላል ቢወጣ 8 ያህሉ የበሰሉ ይሆናሉ፤ ከእነዚያ 5 ወይም 6 ይዳብራሉ፤ እስከ አምስተኛው ቀን የሚደርሱት 2 ወይም 3 ናቸው። ይህ የላብራቶሪው ጥፋት አይደለም፤ በተፈጥሮም አብዛኛው ሽል መንገድ ላይ ይቀራል። በ39 ዓመት ደግሞ የሚወጣው እንቁላል ያንሳል፣ የክሮሞሶም ጉድለት ያለበትም ይበዛል። በዕድሜ የተጎዳውን እንቁላል አይቪኤፍ አያድሰውም።

የዘርፉ ጀማሪዎች ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ፓትሪክ ስቴፕቶና ጂን ፐርዲ በእንግሊዟ ኦልድሃም ለዓመታት 282 ሴቶችን አክመው ያገኙት ሁለት ልጅ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 ተወለደች። እናቷ ቱቦዎቿ የተዘጉ ነበሩ፤ የሆርሞን መርፌም አልተሰጣትም፤ በተፈጥሮ ዑደቷ የወጣች አንዲት እንቁላል ነበረች። ኤድዋርድስ በ2010 ኖቤል ሲሸለም ሁለቱ አብረውት የሠሩት በሕይወት አልነበሩም፤ ፐርዲማ ስሟ እንኳ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ክሊኒክ ስኬቱን በመቶኛ ቢለጥፍ ማን ይገባ ነበር?

በመጨረሻ ከዋናው ሂሳብ ውጭ «ዕድል ይጨምራል» ተብሎ የሚቀርብልዎትን ተጨማሪ አገልግሎት ይመርምሩ። የማህፀንን ግድግዳ መጫር የሚባለው ለዓመታት ገንዘብ ሲያስከፍል ኖሯል፤ ትንንሽ ጥናቶች ጥሩ አስመስለውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው፣ 1,364 ሴቶችን በዕጣ ከፍሎ ያነጻጸረው ትልቅ ጥናት ግን ከተጫሩትም ካልተጫሩትም 26.1 በመቶ መውለዳቸውን አገኘ። ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ ሕመሙና ክፍያው ብቻ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ለሁለት ዓመት የሦስት ወር መርፌ ስወስድ ቆይቼ ካቆምኩ ሰባት ወር ሆነኝ፤ የወር አበባዬ እንኳ አልተስተካከለም። መካን አደረገኝ? (ከጅማ)

መልስ፦ አላደረገዎትም። መርፌው ዴፖ ፕሮቬራ ከሆነ መድኃኒቱ ከጡንቻ ቀስ ብሎ ስለሚለቅ እንቁላል ለመጀመር ይዘገያል። ግማሽ ያህሉ ሴቶች ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በ10 ወር ውስጥ ያረግዛሉ፤ አንዳንዷ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ትቆያለች። ለስንት ዓመት እንደወሰዱት በዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም። ቆጠራውን ከመጨረሻው መርፌ ቀን ይጀምሩት። በዚህ ጊዜ ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም ይውሰዱ፤ የሽሉ የአከርካሪ ሥርዓት የሚዘጋው እርግዝናው ሳይታወቅ ስለሆነ ከዚያ በኋላ መጀመር ለዚህ አይጠቅምም። 12 ወር ሞልቶ የወር አበባው ካልመጣ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ጂም የሚያሠለጥነኝ ልጅ ቴስቶስትሮን መርፌ አስጀመረኝ። «ወንድነት ይጨምራል» ነው የሚለው። አሁን ልጅ እንፈልጋለን። (ከአዳማ)

መልስ፦ መርፌው ስፐርም ያጠፋል። በደም ውስጥ ቴስቶስትሮን ሲበዛ አንጎል «በቂ ነው» ብሎ ለፍሬዎቹ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ስፐርም የሚሠራው ደግሞ በዚያ ትእዛዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጥናት በየሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም የሚሰጥ ቴስቶስትሮን እንደ ወንድ የእርግዝና መከላከያ ነው የተሞከረው፤ ከአብዛኞቹም ስፐርም ጠፍቶ ነበር። ያቁሙ፤ ግን ዛሬ አቁሞ ነገ መመርመር ዋጋ የለውም። መመለሱ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይወስዳል። ስለዚህ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ይመርመሩ፤ በስድስት ወር ዜሮ ከሆነ የወንዶች መካንነትን የሚያክም ሐኪም ይዩ። የተወጉትን የመድኃኒት ስምና መጠን ከነብልቃጡ ይዘው ይሂዱ።